«የህንድ ፊልም» ስንል የማንን ፊልም ማለታችን ነው?

በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ ክፍለ ግዛት፣ ማላፑራም በምትባል አውራጃ ኳስ ለመጫወት ከአፍሪካ የሄደ ወጣት ሁሉ «ሱዳኒ» ይባላል። ከናይጄሪያ ይምጣ ከጋና ጠያቂ የለውም፤ ጥቁር ከሆነና ኳስ ከመታ ሱዳኒ ነው። ይህን የሰማ የእኛ አገር ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን በደብረ ታቦርም፣ በወረታም፣ በአዲስ ዘመንም ከዚያ ሩቅ አገር የሚመጣ ፊልም ሁሉ ያለው አንድ ስም ነው፤ «የህንድ ፊልም»። በሂንዲ ይነገር በታሚል፣ በቴሉጉ ይነገር በማላያላም ጠያቂ የለውም። ዘፈን፣ ለቅሶና ድብድብ ካለው የህንድ ፊልም ነው።

ጉዳዩ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ የዚህን መጽሔት ገጽ ባልያዘ ነበር። ግን ብዙዎቹ ልጆቻችን ያንን ፊልም ከሚማሩበት መጽሐፍ ይበልጥ ያውቁታል። ቀድሞ፣ በቪዲዮ ቤቶች ዘመን፣ አባት ልጁ የት እንደዋለ ያውቅ ነበር፤ ባያውቅ ጎረቤት ይነግረው ነበር። ልጁም በምክር፣ በቁጣ፣ አንዳንዴም በአርጩሜ ይመለስ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሰራጨት ሲጀምር ነገሩ ወደ ሳሎን ገባ። ብዙ ተወቀሰ፤ ወቀሳውም ከንቱ አልነበረም። ቢሆንም እናትና ልጅ ቢያንስ አብረው ያዩ ነበር። ዛሬ ፊልሙ ያለው በኪስ ውስጥ ነው። ያውም ሙሉው አይደለም፤ ቁራጩ ነው።

«ፊልም በአጭሩ» የሚሉትን ያላየ ወላጅ ቢኖር ከልጁ ስልክ ላይ ለአንድ አፍታ ይመልከት። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው ታሪክ በአሥር ደቂቃ ይተረካል። ምስሉ እየተጣደፈ ያልፋል፤ የፊልሙ የራሱ ድምፅ ታፍኗል፤ በላዩ ላይ አንድ ተራኪ ትንፋሽ ሳይወስድ ይናገራል። ሰዎቹ ስም የላቸውም፤ «ልጁ»፣ «ልጅቷ»፣ «ሰውየው» ናቸው። ከዚህም ያጠረ አለ። አንድ ደቂቃ የማይሞላ፣ አንድ ጥፊ፣ አንድ እንባ፣ አንድ ሩጫ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንኳ ቁራጩ አልቆመም፤ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ የጉናን ብርዳም ምሽት ማሳለፊያ ሆኖ ከረመ።

ስለ ምስልና ስለ ፊልም ዑለማዎች የተናገሩት የታወቀ ነው፤ ልዩነታቸውም የታወቀ ነው። ፈትዋ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ላይ ስንፈርድ ያንኑ ነገር አውቀን ልንፈርድ ይገባል። «ሁሉም ቆሻሻ ነው» ብሎ የሚዘጋ አባትና «ምን ችግር አለው፣ ፊልም ነው» ብላ የምታልፍ እናት በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ልጃቸው ስለሚያየው ነገር የሚያውቁት የለም። ከእነዚያ ፊልሞች መካከል ደግሞ ከሁሉም በላይ ሙስሊሙን ቤተሰብ ሊያነጋግር የሚገባው የማላያላሙ ነው።

ማላያላም የሚነገርባት ኬረላ በዐረቢያ ባሕር ዳርቻ የተዘረጋች ቀጭን መሬት ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ቆጠራ ሕዝቧ 33 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ከአራት አንድ የሚበልጠው ሙስሊም ነው። በማላፑራም አውራጃ ደግሞ ከመቶው 70 ያህሉ። ኢስላም ወደዚያ የዘለቀው በቁንዶ በርበሬ ነጋዴዎች መርከብ ነው፤ ኮዱንጋሉር ያለው መስጂዳቸው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን የተሠራ ነው የሚል ትውፊትም አላቸው። የነጃሺ አገር ሰው እንዲህ ያለውን ትውፊት እንደ እንግዳ ነገር አያየውም። ማፒላ የሚባሉት የዚያ አገር ሙስሊሞች የገዛ ቋንቋቸውን በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል፤ የወሎ ሸኾች የአማርኛ መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል እንደጻፉት ማለት ነው።

የረሳነው ሌላም ትስስር አለ። ከጣልያን ወረራ በኋላ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት ህንዳውያን ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች፣ የማላያላም ተናጋሪዎች ነበሩ። አባቶቻችን የእንግሊዝኛ አነጋገራቸውን እየቀዱ ሲስቁ፣ ሲያድጉም ውለታቸውን ሲያወሱ ኖረዋል። ስማቸው ግን ብዙ ጊዜ «ህንዱ» ብቻ ነበር።

የዚህ ሕዝብ ፊልም የተጀመረው በአንዲት ሴት መከራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1930 ባሉት ዓመታት ጄ. ሲ. ዳንኤል የሚባል ሰው «ቪጋታኩማራን» የተሰኘውን የመጀመሪያ ድምፅ አልባ ፊልም ሠራ። ዋናዋን ሴት ሆና የተጫወተችው ፒ. ኬ. ሮሲ በእነርሱ ሥርዓት ዝቅተኛ ከሚባል ወገን የተወለደች ናት። የተጫወተችው ግን የከፍተኛ ወገን ሴት ሆና ነበርና ተመልካቹ ታገሠኝ አላለም፤ አሳድዶ ከአገሯ አስወጣት። ድምፅ ያለው የመጀመሪያ ፊልማቸው «ባላን» በ1938 ወጣ። በ1965 ደግሞ በታካዚ ሺቫሻንካራ ፒላይ ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ ራሙ ካርያት የሠራው «ቼሚን» የህንድን ፕሬዚዳንት የወርቅ ሜዳይ አገኘ። እዚያ ላይ አንድ ሙስሊም ነጋዴ አለ፤ ፓሪኩቲ ይባላል። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ይወዳል፤ መጨረሻውም ሞት ነው። ሙስሊሙ በፊልሙ ውስጥ አለ፤ ግን ሌላው ሰው እንደሚያየው ሆኖ ነው ያለው፤ ለስላሳ፣ አሳዛኝ፣ ቤትና ጎረቤት የሌለው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ትልልቆቹ ተዋናዮቻቸው ሙስሊሞች መሆናቸው ነው። ከ500 በላይ ፊልሞች ላይ መሪ ሆኖ የተጫወተው ፕሬም ናዚር የወላጆቹ ስያሜ አብዱል ቃድር ነው። እስከ ዛሬም ዝናው ያልደበዘዘው ማሙቲ፣ ሙሐመድ ኩቲ ነው።

የማሙቲን ስም ካነሣን በአንድ ፊልም ላይ ጥቂት እንቆይ። ቫይኮም ሙሐመድ በሺር የሚባል ሙስሊም ደራሲ ነበር፤ በ1908 ተወልዶ በ1994 የሞተ፣ እንግሊዞችን በመቃወሙ የታሰረ። የእስር ዘመኑን «ማቲሉካል» በሚል አጭር ልብ ወለድ ጻፈው፤ «ግድግዳዎች» ማለት ነው። አዱር ጎፓላክሪሽናን በ1990 ወደ ፊልም ለወጠው፤ ማሙቲም በሺርን ሆነ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ከወንዶቹ እስር ቤት አጥር ወዲያ የሴቶቹ እስር ቤት አለ። በሺር ከግድግዳው ማዶ የአንዲት ሴት ድምፅ ይሰማል። ናራያኒ ትባላለች። ይነጋገራሉ፤ መኖሯን ልታስታውቀው ስትፈልግ ደረቅ ጭራሮ ወደ ሰማይ ትወረውራለች፤ እሱም ያንን ጭራሮ አይቶ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። በሐኪም ቤት ሊተያዩ ይቀጣጠራሉ። ከቀጠሮው በፊት ይፈታል።

ፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሴትየዋን አያሳየንም። ድምፅ ብቻ ናት። በዓለም ላይ ስለ ፍቅር ከተሠሩት ፊልሞች ብዙዎቹ ሥጋን ካላሳዩ ፍቅርን ያሳዩ አይመስላቸውም። ይህ ግን ወንድና ሴት አንድም ጊዜ ሳይተያዩ የሰውን ልብ ያርዳል። ባዕድ ሴትና ባዕድ ወንድ በግድግዳ ተነጋገሩ እንጂ ነገሩ ያው ነው የሚል ቢኖር ቃሉን አከብራለሁ፤ እኔም ለልጆቼ አርኣያ ይሁን ብዬ አላቀረብኩትም። የምለው ስለ ጥበቡ ነው፤ ዓይንን መስበር ጥበብን ያቀጭጫል የሚሉ ሰዎች ይህን ፊልም አላዩም። እንግዲህ ከዚህ ፊልም ለ«ፊልም በአጭሩ» የሚሆን ምን ይቆረጣል? ግድግዳ። ጭራሮ። አንድ ሰው ቆሞ ሲያዳምጥ። ተራኪው በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ የቀረው ዘጠኝ ደቂቃ ባዶ ነው።

ለመቆረጥ የሚመቸው ሌላው ነው። በ2013 ጂቱ ጆሴፍ የሠራው «ድሪሽያም» በሂንዲ፣ በታሚል፣ በቴሉጉ፣ በካናዳ፣ በሲንሃላ፣ በ2019ም በቻይንኛ እንደገና ተሠርቷል። ጆርጅኩቲ የሚባል አራተኛ ክፍል ያልዘለለ፣ የኬብል ቴሌቪዥን መስመር በመዘርጋት የሚተዳደር፣ ሌሊቱን ፊልም ሲያይ የሚያድር ሰው አለ። ትልቋን ልጁን አንድ ወጣት ገላዋን ስትታጠብ በስልኩ ደብቆ ይቀርጻታል፤ ከዚያም በዚያ ቁራጭ ያስፈራራታል። እናትና ልጅ ይለምኑታል፤ ልጅቷ ስልኩን ልትሰብር ስትሞክር ወጣቱ ተመትቶ ይሞታል። የቀረው ታሪክ አባት ቤተሰቡን ከፖሊስ እንዴት እንዳተረፈ ነው። መጨረሻውን አልናገርም፤ ለነገሩ ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል።

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ያስተውሉ። የዚያ ቤተሰብ ቁስል በስልክ የተያዘ የቪዲዮ ቁራጭ ነው። ፊልሙ ሲጀምር አንድ ሰዓት ገደማ የሚያሳየን የሚስትን ንዝንዝ፣ የልጆችን ልመና፣ የአባትን ቁጠባ፣ የራት ሰዓትን ነው። ተመልካቹ ቤቱን እስኪለምደው፣ ልጅቷም ልጁ እስክትመስለው ድረስ ይታገሣል፤ የደረሰባት ነገር የሚያመው ለዚያ ነው። በአሥር ደቂቃው ትረካ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት በሁለት ዐረፍተ ነገር ያልፋል። የሚቀረው አባትየው ፖሊስን ያታለለበት ብልሃት ብቻ ነው። ስለ አንዲት ልጅ ክብር የተሠራ ሥራ ወንጀል የመደበቂያ ትምህርት ሆኖ እጃችን ይገባል። ልጁ የሚያወራው ስለ ብልሃቱ ነው፤ ስለ ልጅቷ አያወራም፤ ስሟንም አልነገሩትም።

ከላይ ወደ ጠቀስኩት «ሱዳኒ» ልመለስ። በ2018 ዘካሪያ ሙሐመድ የሚባል የማላፑራም ተወላጅ «ሱዳኒ ፍሮም ናይጄሪያ» የተሰኘ ፊልም አወጣ፤ «ከናይጄሪያ የመጣው ሱዳኒ» እንደ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ በገዛ ወገኑ ላይ ቀልድ ነው። መጂድ የሚባል አንድ ሰው ለሰባት ለሰባት በሚገጥሙበት የኳስ ውድድር ቡድን ይመራል። ሳሙኤል የሚባለው ናይጄሪያዊ ተጫዋቹ ይጎዳል፤ ለሐኪም ቤት የሚከፈል ገንዘብ ስለሌለ መጂድ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። የመጂድ እናት ጀሚላና ጎረቤቷ ያስታምሙታል። ቋንቋውን አያውቁም፤ እሱም የእነርሱን አያውቅም። የሚያውቁት መመገብን፣ ማጠብን፣ ዱዓ ማድረግን ነው። መጂድ ራሱ ከእንጀራ አባቱ ጋር የተኳረፈ ሰው ነው፤ ባዕዱን ያስታመመ ቤት የራሱን ሽማግሌ ሰላም ለማለት ሲቸገር እናያለን። ያ የሽማግሌ ቀስ ብሎ ከበር መውጣት ከፊልሙ ሁሉ እኔን የያዘኝ ነው።

ሴቶቹ ሻሽ ያሰሩ ተራ እናቶች ናቸው። ተጨቋኝም ቅዱስም ተደርገው አልተሣሉም፤ ያማሉ፣ ይስቃሉ፣ ይቆጣሉ። ሶላትም ሲሰገድ እንደ ጉድ ነገር አይታይም፤ በቤቱ እንደሚፈላው ሻይ ያለ ነገር ነው። ሙስሊሙ በገዛ ወገኑ ዓይን ሲታይ ይህን ይመስላል።

ነቀፌታም አለኝ፤ ከአፍሪካ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይበልጥ ይታያል። ሳሙኤል ከፊልሙ አብዛኛውን ክፍል አልጋ ላይ ነው። የእርሱ ሕመም የአስተናጋጆቹን ደግነት ማሳያ ሆኗል፤ የመጣበትን ቤትና የሚናፍቃቸውን ሰዎች በጨረፍታ ብቻ እናያለን። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ተዋናዩ ሳሙኤል አቢዮላ ሮቢንሰን በቀለሜ ምክንያት ያነሰ ተከፍሎኛል ብሎ በአደባባይ መናገሩ፣ ቆይቶም ጉዳዩ በስምምነት ማለቁ ይታወቃል። ጂዳና ሪያድ ውለው ያደሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይህን ነገር ማስረዳት አያሻቸውም። ይሁን እንጂ ዘካሪያና ጓደኞቹ ሌላም ነገር አድርገዋል፤ ፊልሙ ብሔራዊ ሽልማት ባገኘ ጊዜ፣ በ2019 ማብቂያ፣ ሙስሊሙን ለይቶ ያገለለውን የዜግነት ሕግ በመቃወም በሥነ ሥርዓቱ ላይ አንገኝም ብለዋል።

ይኸው ሰው በ2020 ደግሞ «ሐላል ላቭ ስቶሪ» የሚል ፊልም ሠራ፤ «ሐላል የፍቅር ታሪክ» ማለት ነው። የዚህ መጽሔት አንባቢ ስለ አንድ ፊልም ብቻ ይስማ ቢባል የምመርጠው ይህን ነው። አንድ ኢስላማዊ ማኅበር ከሸሪዓ የማይወጣ ፊልም ለመሥራት ይነሣል። ጽሑፉን ተውፊቅ የሚባል ወጣት ያዘጋጃል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ግን በመካከላቸው የለም፤ ስለዚህ ሲራጅ የሚባል፣ በመጠጥም በትዳርም የተጎዳ አዘጋጅ ይቀጥራሉ። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። ባልና ሚስት ሆነው የሚጫወቱት ማን ይሁኑ? ባዕድ ከባዕድ ሊሆን አይችልም። በመሆኑም በእውነት ባልና ሚስት የሆኑትን ሸሪፍንና ሱሕራን ያጫውታሉ።

አንባቢ እስከዚህ ድረስ ሲሰማ ቀልድ ሊመስለው ይችላል፤ ፊልሙም በእርግጥ ያስቃል። ግን ያ ክልከላ፣ ሌላው ዓለም እንቅፋት ነው የሚለው፣ የፊልሙ በር ይሆናል። ባልና ሚስቱ ለልምምድ ሲቀመጡ በትዳራቸው ውስጥ ሳይነገር የቆየው ሁሉ መውጣት ይጀምራል። በአደባባይ ሲናገርና ሲተውን የኖረው ባል ነው፤ ጥበቡ ያላት ግን ሱሕራ ሆና ትገኛለች። ባል ደግ ሰው ነው፤ በሚስቱ መብለጥ ግን ይከፋል። ሱሕራም በልምምዱ ሰበብ፣ በሌላ ሴት አፍ፣ የገዛ ባሏን ጠይቃው የማታውቀውን ትጠይቀዋለች። በስንት ቤታችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ለዐሥርና ለሃያ ዓመት ተቀምጧል? ፊልሙ የሚያሳየው ይህንን ነው፤ ያውም ያለ እርቃን፣ ያለ ስድብ፣ ያለ ጥፊ።

እንከን የለሽ ነው አልልም። ሱሕራ ምን እንደምትጫወትና እንደማትጫወት የሚወስነው የወንዶች ጉባኤ ነው፤ ፊልሙ ይህን በፈገግታ ብቻ ያልፈዋል። የሲራጅ ሚስትም ጥላ ሆና ቀርታለች። መጨረሻው ላይ ሁሉም ነገር ከሚገባው በላይ ቶሎ ይስተካከላል። የማኅበሩ ሰዎች ከእውነተኛው ማኅበር ይልቅ የዋሆች ናቸው፤ ማኅበር ውስጥ የሠራ ያውቀዋል።

የማላያላም ፊልም ሰዎችን ደግሞ ከመላእክት አንቁጠራቸው። አንዲት ተዋናይ ታፍና ከተጠቃች በኋላ በ2017 በዳኛ ሄማ የሚመራ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ዘገባው በዚያ ሙያ ውስጥ ሴቶች የሚደርስባቸውን ግፍ ገልጦ አውጥቷል። ሮሲ ከተባረረች ከዘጠና ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ሴት ልጄ ተዋናይ ልሁን ብትለኝ የሄማን ዘገባ አስቀድማ እንድታነብ እነግራታለሁ።

እነዚያ ሰዎች እንዲህ ያለ ፊልም ላይ የደረሱት በገንዘብ አይደለም፤ ከሂንዲው ጋር ሲነጻጸር በጀታቸው ትንሽ ነው። አስቀድመው አንባቢዎች ነበሩ። ከ1945 ጀምሮ ፒ. ኤን. ፓኒከር የሚባል መምህር የመንደር ቤተ መጻሕፍትን እያስተባበረ ኬረላን አዳረሰ። በ1965 አዱር ጎፓላክሪሽናንና ጓደኞቹ «ቺትራሌካ» የተባለውን የፊልም ማኅበር አቋቋሙ፤ ፊልም አብሮ እያዩ አብሮ የመከራከር ልማድም በየከተማው ተስፋፋ። አይተው ዝም አይሉም፤ ይከራከራሉ። እኛ ዘንድ ልጁ አይቶ ዝም ይላል፤ አባትም ሳያይ ይቆጣል።

በጉና ዙሪያ የሚተረክ ያጣን ይመስል ይሆን? ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት ከሙስሊም ዘር የሚወለዱት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ደሪጣ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ሆና በ19ኛው መቶ ዘመን በመንገደኞች መጽሐፍ ተመዝግባለች። የሲራራ ነጋዴው ሲሄድ ቤት የቀረችው ሚስት፣ ሸማኔው፣ የጎረቤት ክርስቲያን አበልጅ፣ የመውሊድ ሌሊት፣ የሐጅ ገንዘብ የሚቆጥቡ አዛውንት፤ ይህ ሁሉ ለካሜራ አልደረሰም። ሙስሊሙ በአገራችን ፊልም ሲመጣ ብዙውን ጊዜ እንደ ፓሪኩቲ ነው፤ ቤትና ጎረቤት የሌለው።

በ«ሐላል ላቭ ስቶሪ» ውስጥ አንድ የድምፅ ቀራጭ አለ። የሚፈልገው ጥቂት ጸጥታ ነው፤ ሰፈሩ ግን ዝም አይልም። ከቤት ወጥቶ ጫጫታውን ተከትሎ ይሄዳል፣ ይለምናል፣ ይመለሳል፤ አሁንም ሌላ ድምፅ ይነሣል። ያ ሰው ደብረ ታቦር ቢመጣ ወፍጮ ቤቱን፣ የባጃጁን ነጂ፣ አሹራ እያስፈላች ከምጣዷ ጋር የምታወራውን እናት፣ ከቁርኣን ቤት የሚመለሱትን ልጆች ዝም በሉልኝ እያለ ይዞር ነበር። ልጆቹም ከኋላው እየተከተሉ «ህንዱ! ህንዱ!» ይሉት ነበር።